ዱባ ስንተኛ ወጣች?

የዚያን ዕለት ማለዳ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቼ ውኃዋን እያየሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንድ ፎቶ ተልኳል። የመኪና ፋብሪካዎች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፣ ከየስሙ ጎን ቁጥር አለ። የእኔ መኪና ስም ከሥር ሆኖ ይታያል፤ እንዳያመልጥ ደግሞ በዙሪያው ቀይ ክብ ተሥሎበታል። ከፎቶው ሥር የመንትዮቹ አባት እንዲህ ጽፏል፦ «ውድ ወላጆች፣ በአስተማማኝነት ደረጃ የልጆቻችን ሰርቪስ ስንተኛ እንደወጣች ልብ በሉልኝ።»

ሌሎቹ ወላጆች ወይ አልነቁም፣ ወይ ነቅተው ዝም ብለዋል። አንዷ እናት ብቻ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ የሚያስብ ፊት ልካለች።

ኮፈኑን ዘጋሁት። ከሚገባው በላይ ጮኸ።

እኔ የሀና ማርያም ልጆችን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት አመላልሳለሁ። ሰርቪስ የሚባለው መኪናውም ነው፣ ነጂውም ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ «ሚስ ሰርቪስ» ይሉኛል። መኪናዋን ደግሞ በቀለሟና በሆዷ «ዱባ» ብለዋታል። አቧራ በለበሰች ቁጥር ከኋላ መስታወቷ ላይ ስሟን በጣታቸው ይጽፉታል። የአውሮፓ ሥሪት ናት። የፋብሪካዋን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ስሟ እስካሁን ያመጣባት ይበቃታል።

ዱባ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ጀርመን አደባባይ አጠገብ መንገዱ ሲዘጋጋ ራዲዮ አይከፈትም፣ ስልክ አይወጣም። አንድ መጽሐፍ ከወንበር ወደ ወንበር ይዞራል፤ ተራው የደረሰ ሁሉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል። ትንሿ ልጅ ቃሉን ከመያዟ በፊት ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች፤ ማንም አይስቅባትም፣ የሳቀ ሁለት ገጽ ያነባላ! ይህን ሕግ ያወጣሁት ለልጆቹ ብዬ ብቻ አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ ነው፤ ነፋስ ስልክ፣ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ የማይገባበት ዴስክ ላይ። ሌላው ሰው በመንገድ መጨናነቅ ይናደዳል። እኔ ግን የተጨመረልኝ የትምህርት ሰዓት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በዚያ የማታ ክፍል አንድ ዓመት ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ምን እንደተማርኩ አልጠየቁኝም። «ስንተኛ ወጣሽ?» አሉኝ። ልጅ ካርዱን ይዞ ከበር ሲገባ የሚቀበለው ጥያቄ ይኼው ነው፤ ምን አወቅህ የሚለው የለም። ክፍላችን ቀኑን ሙሉ ሥራ ውለው፣ እንቅልፋቸውን አባረው የሚመጡ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበር፤ ሁላችንም ተጠጋግተን ነው የወጣነው። እኔን ከአንደኛዋ የለየኝ ወንዞቹ ወዴት እንደሚፈሱ የሚጠይቅ የጂኦግራፊ ጥያቄ ቢሆን ነው። ደረጃው ግን ይህን አይናገርም። ማን ማንን እንደቀደመ ይነግርሃል እንጂ በስንዝር ይሁን በጋሻ መሬት አይነግርህም። ከዚያ ወዲህ «ስንተኛ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ክፍሉን ማየት ያምረኛል። እነማን ናቸው የተፈተኑት? ማን ነው ያረመው? ጥያቄውስ ምን ይላል?

ቀትር ላይ ለእሑድ ስብሰባ ተጠራ። የሚወሰነው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ዱባ ላይ ይቆዩ ወይስ ወደ ሌላ ሰርቪስ ይዛወሩ። ሌላዋ ሰርቪስ ተፈልጋ ተገኝታለች። የዚያ ዝርዝር አናት ላይ ከተቀመጠው ፋብሪካ የወጣች ነጭ ሚኒባስ ናት። ልጆቹ ከዱባ ከወረዱ እኔ የማጣው ሥራዬን ብቻ አይደለም። ያ የገጽ ተራ አብሮ ይወርዳል። ነጯ ሚኒባስ ውስጥ ማን ያነባል? ሹፌሩ ጎበዝ ልጅ ነው ይሉታል፣ ሙዚቃ ያበዛል እንጂ።

እንደ ልማዴ ከማንበብ ጀመርኩ። መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ ያንን ዝርዝር ከነግርጌ ማስታወሻው አነበብኩት። ሰው የማያነበው ግርጌውን ነው፤ እኔ ደግሞ ዘግይቼ ስለጀመርኩ የምዘለው የለኝም።

ዝርዝሩ የወጣው ባሕር ማዶ ነው። የተሠራው ባለመኪናዎችን በመጠየቅ ነው። የተጠየቁት ሰዎች መኪኖች ገና የፋብሪካ ሽታቸው ያልለቀቃቸው ልጅ እግሮች ናቸው፤ የሚሄዱበት መንገድም የእኛን ኮብልስቶን አያውቅም። እንደ ጥፋት ከተቆጠረባቸው ነገር ውስጥ ስልክ ከመኪናው ራዲዮ ጋር አልግባባ ማለቱ ይገኝበታል። የሚነካው ስክሪን መዘግየቱም አለ። ዱባ ስክሪን የላትም። የሠሯት ሰዎች ዛሬ ጡረታቸውን እየበሉ ነው። ዝርዝሩ ስለ እሷ ዘመን መኪኖች አንዲት ቃል አይተነፍስም። ያ ሁሉ ቢቀር፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ትልቅና ትንሽ፣ ደህናና ደካማ፣ ሁሉም ተደምሮ በአንድ ስም ነው የተመዘነው። ሊያገባት የመጣው ሰው ልጅቷን ቀና ብሎ ሳያይ ሰባት ቤት ቆጥሮ እንደሚመለሰው ማለት ነው። ከእነማን ወገን እንደሆነች አውቋል። ስለ እሷ ግን ምን አወቀ?

ታዲያ ለምን የራሳችንን ሰዎች አልጠይቅም አልኩ።

ሰፈራችን ውስጥ የዚያ አንደኛ የወጣው ፋብሪካ መኪና ያለው ጎረቤት አለኝ። ስደርስ ሁለት ጎልማሶች መኪናዋን ከኋላ ይገፏታል፤ እሱ በመስኮት መሪዋን ይዞ ጎን ጎኗን ይሮጣል።

«ምነው፣ ምን ሆነች?» አልኩት።

«ማን? እሷ? ምንም አልሆነች!»

«እየተገፋች ነው እኮ።»

«ባትሪው ነው። ባትሪ ደግሞ መኪና አይደለም።»

«ባለፈው ዓመትስ የተበላሸ ነገር ነበር?»

«ወይ ፍንክች! ምነው እህቴ፣ ገበያ ልታወጪብኝ ነው እንዴ?»

ከገፊዎቹ አንዱ ወገቡን ይዞ ቀና አለና «እትዬ፣ እሷ አትበላሽም፤ የተበላሸነው እኛ ነን» አለኝ።

ቀጥዬ ሐጂን ጠየቅኩ። ሐጂ ከግቢያችን ፊት ለፊት የሚኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ የሱቃቸውን ዕቃ የሚያመላልሱባት የዚያው የአንደኛው ፋብሪካ ፒካፕ አለቻቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ አስነጥሷት አያውቅም» አሉኝ። ባለፈው ክረምት ይህችው ፒካፕ ጎማዎቿ ወልቀው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ የጎረቤት ዶሮዎች ከሥሯ ዝናብ ሲጠለሉ አይቻለሁ።

«ሐጂ፣ ድንጋይ ላይ አልነበረችም እንዴ?»

«እሱማ ባሌስትራው ነው። የመንገዱ ጥፋት ነው። የመንገዱን ኃጢአት በእሷ ላይ ትጭኛለሽ? አላህን አትፈሪም?»

ሦስተኛዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ጎረቤቴ ናት፤ የያዘችው ከዱባ ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጣች የቤት መኪና ነው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ኧረ ተይኝ እባክሽ!» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። መስኮቱ በግማሽ ይቀራል። የኋላ በር በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም። ቀበቶው ሲጎተት ይንጣጣል። የሲጋራ መተርኮሻው ሳይቀር አልዘጋ ብሏል።

«ታጨሻለሽ እንዴ?» አልኳት።

«አላጨስም። ግን መዘጋት አልነበረበትም?»

እንግዲህ እኒህን ሦስት ሰዎች ያ የባሕር ማዶ ጠያቂ ቢያገኛቸው ምን ጽፎ ይሄድ እንደነበር አስቡት። የሚገፋውና ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። ታች የሚወርደው መተርኮሻው አልዘጋ ያለው ነው። ስሙ የተወደደለት ባለመኪና ጥፋቱን ለባትሪው፣ ለመንገዱ፣ ለናፍጣው ያከፋፍላል፤ ስሙ የጠፋበት ደግሞ የበር ሲጥሲጥታውን ሁሉ ለስሙ ይቆጥራል። ከዚያ የተናገሩት ተሰብስቦ ያንኑ ስም መልሶ ያጸናዋል።

ሲገባኝ ችግሩ ከቃሉ ነበር። «ተበላሸች» ማለት እዚህ ስድብ ነው፤ ስለ ሴት ልጅ እንደሚባለው ያለ ስድብ። ማንም ስለ ቤቱ እንዲህ አይልም፤ ብሎም የደላላ ጆሮ ከገባ ማን ይገዛታል? ተመልሼ ሄድኩና ጥያቄዬን ለወጥኩ። «ምን ተበላሸ?» ማለቱን ትቼ «ምን ምን አስለወጠችህ?» አልኩ። አፍ ሁሉ ተከፈተ። ባለባትሪው ፍሪሲዮን አስለውጧል፣ ሞተሪኖ አስለውጧል፣ የፊት ሾኮቿን አስለውጧል። እንደ ሠርግ ስጦታ ነው የሚዘረዝረው። «ኦሪጅናል ነው ያስገባሁላት! ኮፒ የሚባል አላስነካኋትም!» ሐጂም ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ከባሌስትራው ጀመሩ፤ የዙህር ሰላት ባይደርስ ኖሮ እስካሁንም ባልጨረሱ ነበር።

ለእውነት መቆም ካለብኝ ለሁሉም ነው። የዚያ ፋብሪካ መኪኖች በከተማችን የተሰጣቸው ክብር ይገባቸዋል። ምክንያቱ ግን ዝርዝሩ የሚለው አይደለም። እነሱም ይሰበራሉ። ሲሰበሩ ዕቃቸው ሶማሌ ተራ በየደጁ ተሰቅሎ ይጠብቃቸዋል፣ ውስጣቸውን የማያውቅ ጋራዥ የለም። የዱባን ዕቃ ግን ሰው ለሰው ተጠያይቆ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ዕቃዋ ከመሞቱ በፊት እቀይረዋለሁ፤ መንገድ ላይ ሊከዳኝ የሚችለውን ደግሞ መለዋወጫውን ከወንበሬ ሥር ይዤ እዞራለሁ። ባሕር ማዶ ያለው ጠያቂ ከወንበሬ ሥር ምን እንዳለ አልጠየቀኝም።

እሑድ ተሰበሰብን። የተገናኘነው የትንሿ ልጅ እናት ግቢ ነው። ከደቡብ የመጣች፣ ሳቋ የማይርቅ ሴት ናት፤ ከቸርች እንደተመለሰች የፕላስቲክ ወንበሮቹን ራሷ ደርድራለች። «ጌታ በመካከላችን ይሁን፣ ድምፅ ደግሞ ዝቅ ይበል፤ ጎረቤት ተኝቷል» ብላ ከፈተችው።

የመንትዮቹ አባት ጨዋ ሰው ነው። ተነሥቶ ነው የተናገረው።

«እኔ ከእትዬ ጋር ጠብ የለኝም። እንደ እናቴ ነው የማከብራቸው። ግን እኔ የማምነው በመረጃ ነው።»

«እኔም» አልኩ።

«እንግዲያው ተግባባን።»

«ገና ነን። መረጃው ማንን ጠይቆ የመጣ ነው?»

ያነበብኩትን ነገርኳቸው፤ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ልጅ እግሮቹ መኪኖች። የጎረቤቶቼን ባትሪና ባሌስትራም ነገርኳቸው፣ ማንነታቸውን ሳላነሣ። ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ ግን አልተቀመጠም።

«ይሁን። ቢሆንም አስተማማኝ መኪና የሚባል ነገር የለም ሊሉን ነው?»

«አስተማማኝ የሚለው ቃል ከማመን ነው የመጣው» አልኩት። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ተብሏል። ሰው ያመነውን መኪና ኮፈን አይከፍትም። እኔ ዱባን ስለማላምናት በየማለዳው እከፍታታለሁ።»

«ይኼ ተረት ነው እትዬ። እኔ ቁጥር ይዤ ነው የመጣሁት። አንደኛና ከታች መውጣት እኩል ሊሆን ነው?»

«ልጆቹስ ስንተኛ ወጡ?» አልኩ።

አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። መንትዮቹ ሴቶች ናቸው፤ አንድ ማሕፀን፣ አንድ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህርት። አንዷ ሦስተኛ፣ አንዷ ሃያ ስምንተኛ ወጥታለች፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

«እሷ ልጅ ጎበዝ ናት!» አለ ቶሎ ብሎ፤ የትኛዋን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። «ፈተና ላይ ትደነግጣለች እንጂ ቤት ስትጠየቅ አንድም አይቀራት። ደረጃው አይገልጻትም።»

«አይገልጻትም» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን አላለቀበትም። ስቀው እስኪጨርሱ ጠብቆ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ» አለኝ፣ «ልጄ ፈተና ላይ ብትሳሳት ማንም አይሞትም። ፍሬን ቢከዳስ?»

ልክ ነበር። ልክ ለሆነ ነገር በተረት አልመልስም።

«ትክክል ብለዋል» አልኩት። «እሱን ነው መጠየቅ። ዝርዝሩ ስለ ዱባ ፍሬን አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። የፍሬን ሸራዋን መቼ እንደቀየርኩ ይጠይቁኝ። ጎማዋን በእጅዎ ይዳስሱ። የራስዎን መካኒክ አምጥተው ከሥሯ ያስገቡ። ከዚያ ሰኞ ጠዋት አብረውኝ ይሂዱ። አይቶ የጠላትን አላኮርፍም። በወሬዋ የጠላትን ነው የማኮርፈው።»

ሳምንቱ የሙከራ እንዲሆን ተስማማን። ዓርብ ማታ ግሩፑ ውስጥ ድምፅ ይሰጣል።

በማግሥቱ አባትየው ከመካኒኩ ጋር መጣ። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ፍሬኗ ደህና ነው፤ ግን አሮጊት ናት» አለ። «አሮጊትነቷንማ ማን ካደ» አልኩት።

የመንትዮቹ አባት ከፊት ተቀመጠ። ከእኔ ይልቅ የሙቀት መለኪያውን የሚያየው እሱ ነበር። ለቡን አለፍን፤ ጀርመን አደባባይ ላይ መንገዱ እንደ ወትሮው ተዘጋ። መጽሐፉ ወጣ። ሃያ ስምንተኛዋ ስታነብ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ሰማት፤ አልደነገጠችም፣ አንድም ቃል አልሳተች። ትንሿ ልጅ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስትለቅም ግን ፈገግ ከማለት አልፎ ሳቀ።

«ሁለት ገጽ!» አሉ ከኋላ በአንድ ድምፅ።

«እኔ?»

«ሕጉ ነው፣ አባባ» አለች ሦስተኛዋ።

አነበበ። እንደ ቢሮ ደብዳቤ አድርጎ አነበበው። «ጮክ!» አሉት፤ ጮክ አለ። ትምህርት ቤት ደረስን፤ እኔ እንደ ወትሮዬ ግሩፑ ላይ «ደርሰናል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያች ቃል ሌላ ጽፌ አላውቅም ነበር። እሱ ከሥሩ «ደህና ናት ለካ» ብሎ ጨመረበት።

ሐሙስ ዕለት ዱባ ቆመች።

ዳገቱ ላይ ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀይ ሲንጋደድ አየሁ፤ ዳር ይዤ አጠፋኋት። ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ልጆቹን አውርጄ ከመንገዱ ራቅ አድርጌ አጥሩ ሥር አስቀመጥኳቸው። ውኃ የሚያመላልሰው የራዲያተሩ ጎማ ተቀዷል። ሌላው ከወንበሬ ሥር አለ፤ ግን ሞተሩ ሳይበርድ መነካካት አይቻልም። አንድ ታክሲ አጠገባችን ሲያልፍ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አቧራው ላይ የተጻፈውን አነበበና «እትዬ፣ ዱባው በሰለ እንዴ?» አለኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ፣ ሆዴ ግን አልሳቀም። «እናንተ ተራችሁን ቀጥሉ» አልኳቸው። አጥር ሥር ቁጭ ብለው መጽሐፉን ቀጠሉ።

ጎማውን ቀየርኩ፣ ውኃ ሞላሁ፣ ተነሣች። ደወል ካለፈ በኋላ ደረስን።

በሩ ላይ ሃያ ስምንተኛዋ ወደ ኋላ ቀርታ እጄን ያዘች።

«ሚስ፣ ለአባባ እንዳንነግረው?»

«ለምን?»

«ነገ ድምፅ ይሰጣሉ።»

«ንገሩት። እኔም እነግረዋለሁ።»

እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ «ዛሬ ቆመን ነበር። የራዲያተሩ ጎማ ተቀዶ ነው። ቀይሬዋለሁ። ዘግይተን ደርሰናል።»

መኪናዋን ሳላስነሣ የትንሿ ልጅ እናት ደወለች።

«እትዬ፣ አጥፊው!»

«ምኑን?»

«የጻፍሽውን! ገና ሁለት ሰው ነው ያየው። ወላጅ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። መንገድ ተዘግቶ ነበር በያቸው። ውሸት ነው እንዴ? መንገድ መቼ ተከፍቶ ያውቃል?»

«መንገዱ አይደለም ያቆመን።»

«በጌታ፣ አንድ ጎማ ነው እኮ! ጎማ ደግሞ መኪና አይደለም።»

በወዳጅነት ነው የተናገረችው። እኔ ግን ያ መሪውን በመስኮት ይዞ የሚሮጠው ጎረቤቴ ድቅን አለብኝ። ምን ሆነች? ምንም። እንግዲህ ተራው የእኔ ሆነ፤ አሁን የምትጠየቀው የእኔ መኪና ናት፣ መልሱ በጣቴ ሥር ነው። ያን ዝርዝር አልቀበልም ያልኩት ባለመኪና ስለ መኪናው እውነቱን ስለማይናገር ነው። እኔም «ምንም» ካልኩ ዝርዝሩ አሸነፈኝ፤ ያውም ሳይጠይቀኝ።

«አላጠፋውም» አልኳት።

«ልጄን ሌላ ሰው እንዲያመላልሳት ነው የምትፈልጊው?»

«ልጅሽን ዛሬ የት ቆማ እንደነበር የማይነግርሽ ሰው እንዲያመላልስልሽ ትፈልጊያለሽ?»

«አንቺን ደግሞ» አለችና ዘጋችው።

የመንትዮቹ አባት ከሰዓት ላይ ጠየቀ፤ «ልጆቹ የት ነበሩ?» መለስኩለት፦ «ከመንገዱ ርቀው፣ አጥር ሥር። እያነበቡ። የተቀደደው ጎማ እጄ ላይ ነው፤ ማየት የፈለገ ይምጣ።» ማንም አልመጣም።

ዓርብ ማታ ድምፅ ተሰጠ። የሚበዙት ዱባ ላይ ይቆዩ አሉ። ሁለት ቤተሰብ ወጣ። አንዱ የመንትዮቹ ቤት ነው።

ደውሎ ነው የነገረኝ፤ በጽሑፍ አላደረገውም።

«ስላልደበቁን አመሰግናለሁ እትዬ። ግን አባት ነኝ። ዳገት ላይ ቆመች የሚለውን ካነበብኩ ወዲያ ልቤ አላርፍ አለኝ።»

«ልጆቹ የእርስዎ ናቸው» አልኩት። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት።»

«ይበሉ።»

«አንደኛ የወጣችውንም ኮፈኗን ያስከፍቷት።»

«እሺ» አለ። ያስከፈታት እንደሆነ አላውቅም።

ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ይመክሩኛል። ዱባን ሽጠሽ ከዚያ ፋብሪካ የወጣች አንድ ሚኒባስ ብትይዢ ማንም አይናገርሽም ይሉኛል። ማንም እንዳይናገረኝ መኪና መያዝ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? በዚያ በማታ ክፍል ከመጨረሻ ሁለተኛ ስወጣ ክፍል ቀይሪ ያሉኝም ነበሩ። አልቀየርኩም። አነበብኩ።

ቅዳሜ ለመንትዮቹ መጽሐፉን ከእነ ገጽ ማስታወሻ ወረቀቱ ቤታቸው ወስጄ ሰጠኋቸው፤ እኔ ሌላ ቅጂ ነበረኝ። ሰኞ ሦስት መቀመጫ ባዶ ሆኖ ሄድን። ትንሿ ልጅ ተራዋ በቶሎ መድረሱ ደስ ብሏት ነበር፤ እኔን አላስደሰተኝም።

አንድ ማለዳ ጀርመን አደባባይ ላይ እንደ ወትሮው ተዘጋግቶ ቆመናል። በግራዬ በኩል ነጯ ሚኒባስ ተጠግታ ቆመች። ሙዚቃዋ በተዘጋው መስኮት ያልፋል። ከፊቷ የቆመውን ሲኖትራክ እሷም ልታልፈው አልቻለችም፤ አንደኛ መውጣቷን አልነገሩትም መሰለኝ። መስታወቱ አጠገብ ሃያ ስምንተኛዋን አየኋት። እሷም አየችን። ከጉልበቷ ላይ መጽሐፉን አነሣች፣ ገለጠች፣ ገጹን መስታወቱ ላይ ለጥፋ በጣቷ አሳየችን።

ዱባ ውስጥ ጩኸት ሆነ። «ሚስ፣ በልጣናለች!» «ዋሸች፣ ዘላ ነው!» «አልዘለለችም፣ ያቺ ልጅ አትዘልም!» ሁሉም ወደ አንድ ጎን ስለተንጋጋ ዱባ ተንቀጠቀጠች።

መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ድምፄ እንደማይደርሳት አውቃለሁ፤ ከንፈሬን እያሰፋሁ ጠየቅኳት።

«ስንተኛ ገጽ?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረች። ቆጥራ ሳትጨርስ ትራፊኩ አፏጨ፤ ሲኖትራኩ ተንቀሳቀሰ። እኔና የነጯ ሹፌር እኩል ማርሽ አስገባን።